በካርዱ ላይ ሦስት ነበርን

ስኮትዴል፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

…እና መኪናው ሲነሳ እማማ ፊቴን በነጠላዋ ሸፈነችው። እስከዚህ ድረስ ነው የማስታውሰው። ነጠላው የወተት ዱቄት ይሸት ነበር። አንተ ከጎኔ ነበርክ፤ ክንድህ ክንዴን ይነካኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የለም። ተቆርጧል።

ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ስለጀመርኩ ይቅር በለኝ። ይህን ነገር ይዤው ስዞር ሰንብቼ ወረቀት ሳገኝ ቀድሞኝ ወጣ። ለጤናህ እንዴት ነህ? ሚስትህ ካረፈች ወዲህ ማን ያበስልልሃል? ልጅህ ትንሳኤ ከቻግኒ ብቅ ትላለች? የመንደር አሥራ ሁለት ሰዎች እንዴት ከርመዋል? አምላክ ከወባውም ከክፉ ቀኑም ይሰውራችሁ። እኔና ራኬብ ደህና ነን።

ወደ አሜሪካ የምትመጣበት ፋይልህ ተራው ደረሰ። ልድገመው፤ እኔም ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ፎርሙን ያስገባሁት በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነበር። ያኔ ራኬብ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ዛሬ ሃያ አራት ሆኗት ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። አሥራ ሰባት ዓመት። አሁን የቀረው ወንድሜ መሆንህን ማሳየት ብቻ ነው።

የልደት ወረቀት እንደሌለን ታውቃለህ። እዚህ የአበሻውን ሁሉ ፎርም የሚሞላ ነቢዩ የሚባል ልጅ አለ፤ እሱ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ ገበያነሽ፣ ፎቶ አላችሁ? ልጅ ሆናችሁ አብራችሁ የተነሳችሁት?»

«በሰባ ሰባት ማን ፎቶ ያነሳናል? የሚነሱት የሚሞቱት ነበሩ።»

«እሺ፣ ደብዳቤስ?»

«በስልክ ነው የምንገናኘው።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምራችሁ ተጻጻፉ። በእጅ ጽሑፍ። ስለ ልጅነታችሁ፣ ስለ እናታችሁ። ፋይሉ ውስጥ እናስገባዋለን። ደግሞ ዲ.ኤን.ኤ. ብትሰጡ ኤምባሲው ይመርጣል፤ ጉንጭን በጥጥ መጥረግ ነው፣ አያምም።»

ስለዚህ ነው የምጽፍልህ። ስለዚህ ብቻ አይደለም። በስልክ ያንን ዓመት ሳነሳብህ መስመሩ ይቋረጣል። መስመሩ ይሁን አንተ ሁን፣ አላውቅም። እስቲ መኪናው ምን ዓይነት እንደነበር ጻፍልኝ። ከመነሳታችን በፊት የነበረውን ጻፍልኝ። አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ እኔ ስድስት። ከእኔ ይልቅ አንተ ታስታውሳለህ።

አሁን የምንከባከባቸው አሮጊት ስቶን ማውንቴን ነው የሚኖሩት። ናፍሴት ይባላሉ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። እኔን «ኢትዮጵያ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ስሜ ረዘመባቸው። ባለፈው ሰኞ የሐኪሙን ወረቀት አይቼ ዓሣ ጠበስኩላቸው። ሳህኑን በአንድ ጣት ገፉት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዓሣ ነው። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ይብሉ ብሏል።»

«ሐኪሙ ይብላው።»

«ይሄ እኮ የእርባታ ዓሣ ነው፤ ባሕር አያውቅም።»

«ዘመዶቹ ያውቃሉ።»

መጀመሪያ የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። ሶሪያዊት ናቸው ብዬ ነበር፤ ለካ ሰርካሲያን የሚባል ሕዝብ አለ። በጥቁር ባሕር ዳር፣ በተራራ ላይ ይኖሩ ነበር። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት የሩሲያ ጦር አሸነፋቸውና ከአገራቸው ነቅሎ ባሕሩ ዳር ሰበሰባቸው፤ በመርከብ እየጫኑ ወደ ቱርኮች ግዛት ሰደዷቸው። በመርከቡ ላይ የሞተ ሁሉ ወደ ባሕር ይጣል ነበር። «ዓሣው የእኛን ሰው በልቷል» አሉኝ። «ስለዚህ ቤታችን ዓሣ አይገባም። አያቴም አልበላችም፣ እናቴም አልበላችም፣ እኔም ዛሬ ለሐኪም ብዬ አልበላም።»

ይቅርታ ጠይቄ ሳህኑን አነሳሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀኑን ሙሉ የወተት ዱቄት ሸተተኝ።

መልስህን ቶሎ ላክልኝ።

እህትህ ገበያነሽ


ፓዌ፣ መንደር 12፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለገበያነሽ፣

ባሕርና አየር ቢለየንም ስምሽን በየቀኑ እጠራለሁ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ራኬብስ? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። ትንሳኤ ሁለተኛዋን ወልዳለች፤ ሴት ናት። ደብዳቤሽ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ዞሮ ዞሮ ደረሰኝ። የፋይሉን ነገር ሳነብ ለጎረቤት ነገርኩና እልልታ ሆነ። እኔ ራሴ ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ልጅነታችን ጻፍ ላልሽኝ፦ እዚህ የደረስንበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። ሣሩ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። ቤቶቹ በቁጥር ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰው የራሱን ትቶ የሌላውን ቤት ይገባ ነበር። እማማ እንዳንጠፋባት የእኛ በር ላይ በከሰል ምልክት አደረገች። ወባ ሲጥልሽ በጀርባዬ አዝዬ ጣሊያኖቹ ወደሠሩት ሆስፒታል የወሰድኩሽን ታስታውሺያለሽ? መንገድ ላይ ጆሮዬን ነከስሽው። ይህን ለነቢዩ ስጪው፤ ጠባሳው አለ።

መኪናው አረንጓዴ ኡራል ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን አላስታውስም። ልጅ ነበርኩ።

የማንበቢያ መነጽር ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ጫማም ብታገኚ፣ አርባ ሁለት ቁጥር፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ ድረስ በዚህ ጫማ መግባት ያሳፍራል።

የጥጡን ነገር ግን አስቢበት። የግድ ነው ወይ? መንደር አሥራ ሁለት በሙሉ፣ ሽማግሌውም ቄሱም፣ ፍሬው የገበያነሽ ወንድም ነው ብለው ይምሉልሻል። የሰው ቃል ከጥጥ አያንስም።

አሮጊቷን ሰላም በይልኝ። በበለስ ወንዝ መረብ እንደምጥል ታውቂያለሽ። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት አልወረድኩም። በማግስቱም።

ወንድምሽ ፍሬው


ስኮትዴል፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምኮራብህ ወንድሜ ለፍሬው፣

እንኳን ለጌታ ልደት በሰላም አደረሰህ። ለአዲሷ የልጅ ልጅህ ዕድሜ ይስጥልኝ። መነጽሩንና ጫማውን ወደ አገር ቤት በምትሄድ ሴት እጅ ልኬያለሁ። አዲስ አበባ ስትገባ ተቀበላት፤ ጫማው ሲራመዱበት የሚጮኽ ዓይነት አይደለም።

እኔ የበኩሌን ጨረስኩ። ባለፈው ሐሙስ ዳውንታውን ሄጄ ጉንጬን ተጠረግኩ። መኪና ማቆሚያው ላይ የሚሠራ ተክሌ የሚባል የእኛ ሰው አገኘሁ።

«እናቴ፣ በዚህ ሰዓት ሞልቷል። ለፍርድ ቤት ነው?»

«ለወንድሜ ጉዳይ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. ልሰጥ።»

«ለወንድም!» አለና የራሱን መኪና ከቦታዋ አንቀሳቅሶ ቦታ ለቀቀልኝ። «እዚህ ፓርክ አድርጊ። የእኔ ወንድም እንኳን ዲ.ኤን.ኤ.፣ ስልክም አይሰጠኝ።»

አንዲት ወጣት ሴት በሁለት ጥጥ የጉንጬን ውስጥ ጠረገች። አልቆየም። ጥጡን ፖስታ ውስጥ አድርጋ ስሜን ጻፈችበት። ከስሜ ስር ባዶ መስመር አለ፤ ያንተ ነው። የአንተ ጥጥ ሲመጣ ከእኔ ጋር ይተያያል። ቀጠሮህ የካቲት 13 ቀን ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ኤምባሲው። እንዳትረሳ።

የግድ ነው ወይ ብለሃል። ወረቀት ለሌለው ሰው ይቀላል ነው የሚሉት። ምን ያስፈራሃል? መርፌ እንኳን አይደለም።

ራኬብ ክፍሏን ለአንተ ለቃለች።

«ማሚ፣ ግን ያንኮራፋል እንዴ? ግድግዳው በጣም ስስ ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። በልጅነቱ እንቅልፍ ሲወስደው ጥርሱን ያፋጭ ነበር።»

«ክሪፒ! ያስፈራል!» አለችና ሳቀች።

እኔ ግን ሳቄ ቆመ። ጥርሱን ያፋጭ የነበረው አንተ ነህ ወይስ ገሠሠ? ነፍሱን ይማረውና የአክስታችንን ልጅ ማለቴ ነው፤ የረሃቡ መጠለያ ውስጥ ከእኛ ጋር ይተኛ የነበረውን። እማማ እዚያው መሞቱን ነው የነገረችኝ። መልኩ አይመጣልኝም። ሁለት ወንዶች ልጆች ከጎኔ ተኝተዋል፤ አንዱ ይተኩሳል፤ አንዱ ጥርሱን ያፋጫል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ።

ወይዘሮ ናፍሴት ሰላም ብለውሃል። «ወንድምሽ መረቡን ይጣል፣ የእሱ ወንዝ አልበደለንም» ብለዋል። ዛሬ የኖሩባቸውን አገሮች በጣታቸው ሲቆጥሩልኝ ነበር። ከባሕሩ ወዲህ ቅድመ አያቶቻቸው ባልካን ሰፈሩ፤ ከዚያ ተነቀሉ። ጎላን ሰፈሩ፤ እሳቸው እዚያ ተወለዱ፤ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ጦርነት መጥቶ ወደ ደማስቆ ሸሹ። ከደማስቆ ወደ ዮርዳኖስ፣ ከዮርዳኖስ ወደዚህ። አምስተኛዋን ጣት አጥፈው፣ «እጅ ሞላ፤ ከዚህ በኋላ መቁጠሪያ የለኝም» አሉ።

ለቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብለህ ግባ።

እህትህ ገበያነሽ


ፓዌ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገበያነሽ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ። የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምሽ።

ወደ አዲስ አበባ አልሄድኩም። ወባ ጥሎኝ ነበር። አሁን ተነስቻለሁ። ጫማው ቻግኒ ትንሳኤ ዘንድ ደርሷል፤ አልወሰድኩትም። ሌላ ምንም አትላኪ።

ጥርሱን ያፋጭ ስለነበረው ልጅ ጠይቀሽኛል። እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር አሮጊቷን ጠይቂልኝ። ባሕሩ ዳር የቀሩ ሰዎች ነበሩ? መርከቡ ላይ ያልተጫኑ? በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት። ከተሻገሩት መካከል ተመልሶ የፈለጋቸው ሰው አለ? ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ።

ፍሬው


ስኮትዴል፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ወባው ስለለቀቀህ አምላክ ይመስገን፤ ካመመህ ማለቴ ነው። ትንሳኤን በስልክ አግኝቼ ስጠይቃት «አባዬ አልታመመም፣ በር ዘግቶ ነው የከረመው» አለችኝ።

ለምን? ልትመጣ አትፈልግም? እንዲህ በለኝና ልረፍ። አሥራ ሰባት ዓመት በየፎርሙ ላይ ስምህን ስጽፍ ኖሬያለሁ። እዚህ እህት የለኝ፣ ባል የለኝ፤ ራኬብ ነገ ከነገ ወዲያ ታገባለች። እማማን የሚያውቅ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ስር እንዲኖር ነው የምፈልገው፤ ሌላ ነገር አይደለም። ስሟን ስጠራ «ማን ናት?» የማይለኝ ሰው።

ነቢዩ ሌላ ቀጠሮ አግኝቷል፤ ሰኔ 25 ቀን። «ይሄ ካለፈ ፋይሉ ይዘጋል፣ እኔም ሌላ የማደርገው የለም» ብሏል።

የጠየቅከኝን ጠይቄልሃለሁ። ተቆጥቼም ቢሆን ጠየቅኩ። እግራቸውን እያጠብኩ ነበር።

«ወንድሜ፣ ባሕሩ ዳር የቀሩትን የፈለጋቸው አለ ወይ ይላል።»

ውኃው ቀዘቀዘ።

«ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ በመጨረሻ። «የአያቴ አባት ወንድም ነበረው። ሕፃን ነው፤ ታሞ ነበር። ጀልባው ጠባብ ነው። ትተውት ሄዱ። በቤታችን ሞቷል ነው የሚባለው። ሞቷል ማለት ይቀላል፣ ኢትዮጵያ፤ የሞተ ሰው የት ነበራችሁ ብሎ አይጠይቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ መንገድ ተከፈተ። የአጎቴ ልጅ ወደዚያ አገር ሄደ። የእኛን የቤተሰብ ስም የያዘ ቤት አገኘ። የዚያ ሕፃን የልጅ ልጆች! እነሱ ምን ይሉ እንደነበር ታውቂያለሽ? ባሕሩ ላይ አልቀዋል ብለው ለእኛ ያለቅሱ ነበር።» እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሁለት ቤት ሙሉ ሰው! አንዱ ሌላውን ሲቀብር!»

እኔ አልሳቅኩም። ፎጣውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ ይህን ለምን ጠየቀኝ ብዬ አሰብኩ። እስካሁንም አስባለሁ። ደብዳቤዎችህን ዘርግቼ አየኋቸው፤ በሁሉም ውስጥ መኪናው ከተነሳ ወዲያ ያለው አለ፣ ከመነሳቱ በፊት ያለው የለም።

የምትነግረኝ ነገር ካለ ንገረኝ።

ገበያነሽ


ፓዌ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገበያነሽ፣

ይህን ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ አታስገቢው። ለነቢዩ አታሳዪው።

አምላክ ልብሽን ያጽናው ብዬ ልጀምር አሰብኩ። ይህ ለሐዘንተኛ የሚባል ነው። አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ፤ አርባ ዓመት መርዶው ሳይነገርሽ ቀርቶ ነው እንጂ።

እኔ ገሠሠ ነኝ።

ከመነሻው ልንገርሽ። እናቴ፣ አክስትሽ ማለት ነው፣ መጠለያው በገባን በሁለተኛው ወር ሞተች። የራሽን ካርዷን ወሰዱት፤ የሞተ ሰው ካርድ ይመለሳል። እኔ ከዚያ ወዲያ በማንም ካርድ ላይ የለሁም። የእማማ ካርድ ላይ ሦስት ነበራችሁ፤ እሷ፣ ፍሬውና አንቺ። ፍሬውን ኩፍኝ ያዘው። ራሽን የሚሰጠው ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ለቆመ ብቻ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ለተኛ አይሰጥም። እማማ «በሱ ፈንታ ቁምና አቤት በል» አለችኝ። ቆምኩ። ስምንት ቀን ፍሬው ሆኜ ዱቄት ተቀበልኩ። የሦስቱን ለአራት እንበላዋለን። ሌላውም ቤተሰብ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ነውር አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ተሰልፈን ሳለ ወታደሮች ከበቡን። ካድሬው በርሜል ላይ ወጥቶ ወደ ለምለም አገር እንደምንሄድ ነገረን። ትሄዳላችሁ ወይ ብሎ አልጠየቀም። መኪናዎቹ ወደ ኋላ እየሄዱ ተጠጉ። ካርድ እያዩ በስም ይጠራሉ። በካርዱ ላይ ያለው ሰው ከሞላ ይጫናል። ከጎደለ ወደ ጎን ይቆማል። ከፊታችን የነበረውን ሽማግሌ ሚስቱ ስለጎደለች ወደ ጎን አቆሙትና ከድንኳን እንዲያመጣት ላኩት። በዓይኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ የእማማን ስም ጠሩ፤ አቤት አለች። «ፍሬው» አሉ።

«አቤት» አልኩ።

አፌ ለምዶ ነው። ዱቄት መስሎኝ ነው። ወይም ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ስንት ዓመት መረመርኩት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ልብ አይነበብም። ዝም ብል ኖሮ «ልጅሽ የታለ?» ብለው ይልኳት ነበር። ሄዳ ታመጣው ነበር።

እማማ ዞራ አየችኝ። እሷም ምንም አላለችም። ያልተፈታልኝ ይሄ ነው። በዚያች ቅጽበት እሷም ምንም አላለችም። የጮኸችው መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚሰማት አልነበረም። በነጠላው የሸፈነችው ፊትሽን አልነበረም፣ አፍሽን ነው። «ፍሬውስ?» ትያት ነበር።

ሕይወቱ አላለፈም ነበር። ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ጠዋት ውኃ ሰጥቼው ጠጥቷል።

እዚህ ከደረስን በኋላ እማማ ለጎረቤቱ «የእህቴ ልጅ ገሠሠ መጠለያው ውስጥ ሞተብኝ» አለች። ንፍሮ ተቀቀለ፤ ሰዎች መጥተው አለቀሱ። የራሴን ተዝካር በላሁ። ርቦኝ ነበር። በየዓመቱም ዝክሬን በላሁ። እማማ ስትሞት እጄን ይዛ «ፍሬው» አለች። የትኛችንን እንደጠራች አላውቅም። አቤት አልኳት።

እህቴ ሆይ፣ ልልሽ ከቻልኩ፣ የተደበቅኩት ለዚህ ነው። አንቺ ሳታውቂ የማልሽው መሐላ ንጹሕ ነው ብዬ። ጥጡ ግን አቤት ማለት አያውቅም። አሁን አወቅሽ። የምታደርጊውን አድርጊ።

ገሠሠ


ስኮትዴል፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። ለማን ብዬ ልጀምር?

ሰላም ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት ሥራ ሄድኩ። ወይዘሮ ናፍሴትን አጠብኩ፣ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ። «ኢትዮጵያ፣ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። ከዚያ «ወንድሜ» አልኩ። ከዚያ «አላውቅም» አልኩ። ከወንበራቸው ተነሱ፤ ያለ እኔ ድጋፍ ተነስተው አያውቁም። በእነሱ ወግ ሐዘንተኛ ፊት አይቀመጥም አሉ። ሁለታችንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆምን። እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና እኔ ነኝ ይቀመጡ ብዬ የለመንኳቸው።

ልጠላህ ሞከርኩ። እውነቴን ነው፤ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። የተገፋው ድንኳን ውስጥ ያለው ነው ብዬ፣ መልኩን ላስብ አልኩ። የሚመጣልኝ መልክ ያንተ ነው። በጀርባ ያዘለኝ ማን ነው? ለሱዳን ስነሳ እስከ ድንበር የሸኘኝስ? ጆሮህን ነው የነከስኩት፣ የእሱን አይደለም።

ነቢዩ ዘንድ ሄድኩ።

«ጥጡ ቢቀርስ?»

«ግዴታ አይደለም። ያንቺ ቃለ መሐላና የሦስት ሰው ምስክርነት ካለ ይሞከራል። ግን እትዬ፣ እውነት መሆን አለበት። እንደ ድሮው አይደለም፤ ዜግነትሽንም ሊነኩት ይችላሉ።»

«እውነት ነው» አልኩት።

ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። ፎርሙ ላይ በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም ወንድሞችሽንና እህቶችሽን ሁሉ ዘርዝሪ ይላል። አንድ ጻፍኩ። ፈረምኩ። በአንድ መስመር ላይ አንድ ወንድሜን አስገባሁ፣ አንዱን አስወጣሁ። እማማን ያኔ ገባችኝ። እሷም እንዲህ ነው ያደረገችው፤ ዝም ብላ፣ በአንድ ቅጽበት።

ራኬብ «ማሚ፣ አጎቴ ይመጣል አይመጣም? ዕቃዬን ልመልስ?» ትላለች። ይመጣል አልኳት።

ስለዚህ ና። ሰኔ 25 ቀን ኤምባሲው በር ላይ ቁም። «ፍሬው» ሲሉህ አቤት በል። ከእንግዲህ ያንተ ብቻ ኃጢአት አይደለም፤ ሁለታችንም ፈርመንበታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ ከዚያ ዳግም አላነሳብህም። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኑ ማን ነበር የተኛው? ብቻውን ነበር?

ገበያነሽ


መርሳ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገበያነሽ፣

አምላክ ይጠብቅሽ። ይህን የምጽፍልሽ መልስ እየጠበቅኩ በሰው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ስላደረግኩት ጽሑፌ ቢጣመም ታገሺኝ።

ዛሬ አዲስ አበባ መሆን ነበረብኝ። በዚህ ሰዓት ኤምባሲው ውስጥ ስሙን እየጠሩ ይሆናል። አንቺ ለእኔ ብለሽ የፈረምሽውን አውቃለሁ፤ ወረቀቱን እንዲያወጣልሽ ለነቢዩ ንገሪው፣ ቀጠሮውን ያስቀረው እሱ ራሱ ነው በይ። ጫማውን ለትንሳኤ ባል ሰጥቼዋለሁ።

ብቻውን አልነበረም። ጥያቄሽ ነው ያስታወሰኝ። ከጎኑ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች ሴት ነበረች፤ ልጇ ሞቶባት ጡቷ ያማት ነበር። የመርሳ ሰው ነኝ ትል ነበር። ያን ጠዋት ውኃውን ስሰጠው ጭንቅላቱን ቀና አድርጋ የያዘችልኝ እሷ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ውኃውን ሳስታውስ የያዘችውን እጅ ግን ረስቼው ነበር።

አራት ቀን ሆነኝ እዚህ። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠየቅኩ። ከመጠለያው የሰው ልጅ ይዛ የተመለሰች ሴት ታውቃላችሁ ወይ እላለሁ። አንዳንዱ እንደ እብድ አየኝ። አንዱ፣ ሰርፀ የሚባል ሽማግሌ፣ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆየና፣ «ብዙዎች ይዘው ተመልሰዋል። ብዙዎችም ጥለው ተመልሰዋል። አንተ የየትኛው ነህ?» አለኝ።

«ከጣሉት ወገን ነኝ» አልኩ።

«እንዲያ በል» አለና መንገዱን አሳየኝ። «ከብርቱካኑ አትክልት ወዲያ አንድ ሰው አለ። አሳዳጊው ከሞተች ቆይታለች። እኛ የመጠለያው ልጅ ነው የምንለው፤ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። የፊት ስሙን ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። ሰው አይወድም፤ ካልከፈተልህ አትቀየም።»

ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ያኔ ስንቱ ልጅ ነው የቀረው። ይህን ለራሴ መንገዱን ሙሉ ስነግረው መጣሁ።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ሰማያዊ። አንኳኳሁ። ቆየና አንዲት ሴት ልጅ ከፈተችልኝ፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ ሊጥ ነክቷል። ግንባሯን ሳየው የማን እንደሆነ ልወስን አልቻልኩም። የእማማ ይመስላል። ግን እማማ የእናቴ እህት ናት፤ የእኔም ግንባር የእሷን ይመስላል።

«አባትሽ አለ?» አልኳት።

«አለ፣ ጋደም ብሏል። ከየት ነው የመጡት?»

«ከፓዌ።»

«ፓዌ ዘመድ የለንም» አለች። አላስገባችኝም፣ አልዘጋችብኝምም። አየችኝ። ከጓሮው በኩል የአንድ ወንድ ሳል ተሰማ። ወዲያው ተቋረጠ። እየሰማን ነበር።

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

ከሁለቱ ስሞች አንዱን ነገርኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ፣ ገባች፣ በሩን ዘጋችው።